ሥጋዬና የጆሮዬ ፕላስቲክ

በሰፈራው ዘመን በአሶሳ ምድር ከእኔ የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው አልነበረም። ሩቅ ያለችው ባምባሲ ከተማ ላይ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ከመንደራችን ሆኜ እሰማ ነበር፤ ሾፌሩና ረዳቱ የሚጨቃጨቁበትን ጉዳይ ሳይቀር ለቃቅሜ ለጎረቤት አደርስ ነበር። አንድ ቀን በቆሎ ሊፈለፍሉ ለተሰበሰቡ ሰዎች ይህንኑ ስደሰኩር ሁሉም እኔን ትተው ከኋላዬ ያለውን እያዩ መሳቅ ጀመሩ። ዞር ስል ባለቤቴ ዘሃራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ከቤታችን ደጃፍ ጀምራ ስሜን እየጠራች እስከ ጀርባዬ ድረስ መጥታለች።

«ባምባሲን ለሾፌሮቹ ተውና እኔን ስማኝ፣ ይማም» አለች።

አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስንገባ ግን ቀኝ ጆሮዬን በመዳፌ ደፍኜ «እስቲ አንድ ነገር ተናገሪ» አልኳት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፅ የሚባል ነገር አልመጣም። ቀኙ ጆሮዬ ከድሮም ሰነፍ ነበር፤ ግራው ደግሞ ሳያስፈቅደኝ ሥራ ለቋል።

ይህን የምጽፈው ጆሮው መግል እያፈሰሰ «ይተወኛል» ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ሐኪም በገላው ውስጥ ባዕድ ነገር አስቀምጦለት፣ «ይቆይልኝ ይሆን ወይስ ይወጣብኛል» እያለ ለሚፈራም ነው። ማጋነን እንደምወድ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ስለ ፍርሃቴ የምጽፈውን ግን አላጋነንኩም፤ እንዲያውም ቀንሼለታለሁ።

ከወሎ ወደ አሶሳ ያመጡን በአውሮፕላን ነው። ወንበር በሌለው አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እንደ እህል ከረጢት የተደረደረ ሰው ጆሮው ቢደፈን አይገርምም። የሁላችንም ተደፍኖ ነበር። ወርደን ስናዛጋ የሌላው ተከፈተ፣ የእኔ ግራው እንደተደፈነ ቀረ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐኪሜ እኔው ራሴ ነበርኩ። «አየር ገብቶበታል፣ ሲሰለቸው ይወጣል» ብዬ ደመደምኩ። በልጅነቴ ያው ጆሮ ክረምት በመጣ ቁጥር መግል ያፈስ እንደነበር፣ እናቴም ጥጥ ትወትፍልኝ እንደነበር አላስታወስኩም። አየሩ ሳይወጣ መግሉ መጣ፤ ከመግሉ ጋር ሽታው መጣ። ዘሃራ ትራሷን ወደ ግርጌ አዞረች።

የመንደራችን ክሊኒክ ከቀርከሃ የተሠራ አንድ ክፍል ነበር። መንደሩ ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ብቻ ነበር የተሰጠው፤ ቤቱ ሁሉ፣ አጥሩም አልጋውም ቀርከሃ ነው። ጤና ረዳቱ ጆሮዬ ላይ ባትሪ አብርቶ አየና «ጥቁር ነገር ይታየኛል፤ ተባይ ገብቶብሃል» አለኝ። ለብ ያለ ዘይት ጨመረበት። ተባዩ አልወጣም፤ ዘይቱ ግን ስንት ቀን ሙሉ ትራሴ ላይ ሲወጣ ሰነበተ። ሁለተኛ ስመለስ «ኩክ ነው» ብሎ በትልቅ መርፌ ውሃ ረጨበት። ያን ጊዜ ክሊኒኩ ከነጣሪያው ዞረ። ምሰሶ ይዤ ቆምኩ ስል ለካ የያዝኩት የጤና ረዳቱን አንገት ነው።

ቀጥሎ አሶሳ ከተማ ወርጄ አንድ ክሊኒክ ታየሁ። ወረፋ የምንጠብቀው ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። በግራዬ በኩል አንድ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰውዬ ተቀምጦ ረጅም ወሬ ያወራልኛል። ነገሩን አልሰማውም፤ ሰው እንዳይከፋው ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሲያዝን ከንፈሬን እመጣለሁ። በመጨረሻ እጄን ጨበጠና ተነሣ። በስተቀኜ ያለችው ሴትዮ ናት የነገረችኝ፤ ለካ ዓርብ ቤቱን ሲከድን ቀርከሃ ልሸከምለት ተስማምቻለሁ። ዓርብ ሄድኩ። ስሙ ኡስማን ነው። ነገሩን ስነግረው ትከሻዬን እየደበደበ ሳቀ።

«ወላሂ፣ አንተ ጆሮ የለውም? እኔ ደግሞ ይሄ ሰው እንዴት ጥሩ ሰው ነው አልኩ። ሁሉ ነገር እሺ ይላል።»

ወዳጅነታችን የጀመረው በዚህ ነው። ክሊኒኩ የሰጠኝ የፔኒሲሊን መርፌ መግሉን አደረቀው፤ ሲያልቅ መግሉ ተመለሰ። እንደገና ተወጋሁ፤ እንደገና ተመለሰ። ከመርፌው ይልቅ መግሉ ቃሉን ይጠብቅ ነበር።

የፈራሁት በስብሰባ ላይ ነው። የመንደራችን ሊቀመንበር ስለ ጋራ እርሻው ኮታ ይናገራል፤ እኛ መሬት ላይ ተቀምጠናል። በድንገት ንግግሩን አቋረጠ።

«ጓድ ይማም፣ ምን ያስቃል?»

«አልሳቅሁም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ። ቃሉ ግን ከአፌ ተንሻፎ ወጣ። ከንፈሬ አልገጥም አለኝ። ሰዉ ልማዴን ያውቃልና ጠቅላላው በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ ጠቆረ። በዚያ ዘመን ሊቀመንበር ሲናገር አፉን አጣሞ የሚያሾፍ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። ልምል ልገዘት ብዬ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ፊቴ ይበልጥ ይጣመማል፤ ሰዉ ይበልጥ ይስቃል። ዕድሜ ልኬን ሰው ለማሳቅ ስለፋ ኖሬ፣ ያን ቀን አንድ ሰው ሳቁን ቢያቆም ብዬ ለመንኩ።

ዘሃራ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ የእሱ ሳቅ አይደለም። የእሱን ሳቅ እኔ አውቀዋለሁ።»

ቀርባ በቅል ውሃ ሰጠችኝ። ጠጣሁ፤ ውሃው በግራ ከንፈሬ ጥግ ወጥቶ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። «ዓይንህን ጨፍን» አለችኝ። ቀኙ ተጨፈነ፣ ግራው እንደተከፈተ ቀረ። ሳቁ ቆመ። አንዳንዱ «ምች ነው» አለ፣ ሌላው ደግሞ ስሙን የማልጠራውን ነገር ጠርቶ ከአጠገቤ ራቅ አለ።

ያለ ይለፍ ወረቀት ከመንደር መውጣት አይቻልም ነበር። ወረቀት ይዞ ወጥቶ ወደ አገሩ የጠፋ ሰፋሪ ብዙ ነው፤ ሊቀመንበሩም ስለዚህ ይፈራል።

«ይሄ በሽታህ ወሎ ወሎ ይሸታል» አለኝ ማኅተሙን በእጁ ይዞ።

«ቀርበው ያሽትቱት» አልኩና ጆሮዬን ሰጠሁት። ትንሽ ጎንበስ ብሎ ወዲያው ቀና አለ። ማኅተሙን መታ። «ቤተሰብህ እዚሁ ይቆያል» የሚል ቃል ግን ጨመረበት። ዘሃራና ልጆቼ መያዣ ሆነው ቀሩ፤ እኔ በጭነት መኪና ላይ ነቀምትን አልፌ አዲስ አበባ ገባሁ። ዘሃራ ለመንገዴ የቋጠረችልኝ የበቆሎ ቆሎ ከእነሱ ራሽን ላይ የተነሣ መሆኑን አውቄ ነው የበላሁት።

የጆሮ ሐኪም ወረፋ ላይ ምስጢር የለም። ሁሉም ደንቆሮ ስለሆነ ሁሉም ይጮኻል። አንዲት እናት የምራቷን ጉድ በጆሮ ሹክ ብላ የነገረችው ለጎረቤቷ ነው፤ ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ፤ ጎረቤቷ ብቻ አልሰማችም። ከት ብዬ ልስቅ ስል ግማሽ ፊቴ ብቻ እንደሚስቅ ትዝ አለኝና አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ጭንቅላቱ ዙሪያውን በፋሻ ተጠቅልሏል። ምን ሆነህ ነው ብዬ ጠየቅሁት። «እዚህ ጋ ከፍተው» አለ ከጆሮው ኋላ እያሳየኝ፣ «እስከዚህ ድረስ ፈለፈሉት።» ጣቱ የቆመው ዓይኑ አጠገብ ነበር። ሰውዬው ከእኔ የባሰ አጋናኝ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ያን ሰዓት ግን በሩ የት እንደሆነ በዓይኔ ፈለግሁ።

ዶክተሩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ነገር በምሳሌ የሚያስረዳ ሰው ነበር። ረጅም ጊዜ በማጉያ መነጽር አየኝና «የምትኖርበት አገር ምስጥ አለ?» አለኝ።

«ቤታችንን የሚበላው ምን ሆነና።»

«ጆሮህም ውስጥ እንደሱ ያለ ነገር አለ። ተባይ አይደለም፤ የራስህ ቆዳ ነው። ማደግ በሌለበት ቦታ አድጎ ተከመረና አጥንት ይበላል። ድምፅ የሚያቀባብሉ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ነበሩህ፤ ሁለቱን ሳይጨርስ አልቀረም። ፊትህን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም በዚያው ያልፋል፣ እሱን ነክቶብሃል።»

«ሲጨርስስ ወዴት ይሄዳል?»

ዶክተሩ በጣቱ ጠረጴዛውን ነካ ነካ አደረገ። «ከግድግዳው ወዲያ ያለው አንጎል ነው» አለ።

ከዚህ በኋላ የተናገረውን በጎ ጆሮዬም አልሰማውም። ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። እኔ ቀልድ ሳጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሕክምናው በሁለት ዙር ነበር። በመጀመሪያው ከጆሮዬ ኋላ ከፍተው የበሰበሰውን ጠርገው አወጡ፤ በሁለተኛው በተበሉት አጥንቶች ቦታ ድምፅ የምታቀብል ትንሽ ፕላስቲክ ያስገባሉ። ፕላስቲኩን ያኔውኑ ለምን አታስገቡም ብዬ ጠየቅሁ። ዶክተሩ «ቁስል ባለበት ቦታ ባዕድ ነገር ካስቀመጥኩ ሥጋህ ቁስሉን ሲዋጋ እሱንም አብሮ ይዋጋዋል። መጀመሪያ ይድረቅ» አለ። መንደሬ ተመለስኩ፤ ፊቴ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ገባ። የተመለሰልኝን ሳቅ መጀመሪያ ያየችው ዘሃራ ናት፤ «ሞልቷል» አለችኝ። ክረምቱ አልፎ፣ በብዙ ልመና ሌላ ይለፍ ይዤ ስመለስ ዶክተሩ አይቶ «ንጹሕ ነው» አለና ለሁለተኛው ቀጠረኝ።

በሁለቱም ጊዜ ያስታመመችኝ አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሲስተር እያልን ነው የምንጠራት። ሌላው ሰው ከመጣበት በኩል ሆኖ ይናገረኛል፤ እሷ ግን አልጋዬን በሙሉ ዞራ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ትመጣለች። የያዘችው ሳፋ ይሁን መድኃኒት፣ ትዞራለች። ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዱኝ እጇን ይዤ አልለቅም አልኩ።

«ሲስተር፣ ያቺ ፕላስቲክ ምን ታህላለች?»

«የሩዝ ፍሬ ግማሽ ብትሆን ነው፣ ጋሼ ይማም። ነጭ ናት።»

«ብትጠፋስ?»

«እርስዎ እጄን ከለቀቁኝ አትጠፋም» አለችኝ።

ፋሻው በተፈታ ቀን ዶክተሩ ከጆሮዬ ውስጥ ጥጡን ሲስብ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ መሰለኝ። ከዚያ መቆንጠጫውን ሳፋው ውስጥ ጣለው። ቀጭ አለ። ድምፁ በግራ በኩል ነው የመጣው። አልጮኽኩም፣ አልሳቅሁም፤ «እንደገና ይጣሉት» አልኩ። ጣለው። ቀጭ።

«አሁን ስማኝ» አለ ዶክተሩ። «ባዕድ ነገር ሲገባበት አንዳንዱ ሥጋ ይለምደዋል፤ ስስ ሽፋን ያለብሰውና እንደ ራሱ አድርጎ ይይዘዋል። አንዳንዱ ደግሞ ወራት፣ ዓመትም ታግሶ በታምቡሩ በኩል ገፍቶ ይጥለዋል።»

«የእኔ ሥጋ የትኛው ነው?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም። እንዲለምደው ግን ረድቼዋለሁ። እዚህ ጋ ካለው የጆሮህ ጫፍ የሚታጠፈውን ስስ አጥንት ቆርጬ በፕላስቲኩና በታምቡሩ መካከል አስገብቼዋለሁ። ታምቡርህ የሚነካው የራስህን ነው፤ ከጀርባው ፕላስቲክ እንዳለ አይታወቀውም።»

«አታለሉት ማለት ነው።»

«በለው። አንተ ደግሞ አታንቃው። ውሃ አይግባበት፣ አትቆርቁረው፣ ምንም ነገር አትጨምርበት፣ ምንም ነገር አትለጥፍበት። ፈሳሽ ካየህ ወደ እኔ ና።»

መንደር ስመለስ ኡስማን ሊጠይቀኝ መጣ። ነገሩን በሙሉ በጥሞና አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲህ ጆሮ ውስጥም ሰፋሪ ገባ?» አለ። «ማን ፈቀደ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም በሙሉ ፊቴ ሳቅሁ። ኡስማን ከሄደ በኋላ ግን ጥያቄው ከእኔ ጋር ቀረ። የመንደሩ ሰው ሁሉ እጁ ቀርከሃ የወጋው እጅ ነው። ቤት ስንሠራ፣ አጥር ስናጥር ስንጣሪ ያልገባበት መዳፍ የለም። ስንጣሪ ሲገባ ሥጋ ምን እንደሚያደርግ ሕፃኑም ያውቃል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ይተፋዋል። ጠፍቶ የቀረ፣ ሰላም ያደረ ስንጣሪ አላየንም። ታዲያ የእኔ ፕላስቲክ ከስንጣሪ በምን ይሻላል? መተኛት አቃተኝ። በግራ ጎኔ ብተኛ የምደፈጥጠው፣ ብገላበጥ የሚወድቅ ይመስለኛል። አስነጠሰኝ ማለት አለቀልኝ ማለት ነው፤ አንድ ማስነጠስ ለማፈን ስታገል ከአልጋ ወድቄያለሁ። ጠዋት ጠዋት መንጋጋዬን ሙሉ ቀን ድንጋይ የተሸከመ ያህል ያመኛል። ይህንንም በፕላስቲኩ አሳበብኩ። «እየገፋው ነው» እል ነበር።

በጥቅምት ጆሮዬ ማሳከክ ጀመረ። ከዚያ ከጆሮዬ ኋላ፣ ጠባሳው ላይ ሞቅ ሞቅ አለኝ። እዚህ ላይ ነው ከእኛ መንደር ሰው በቀር ሌላ ሰው የማይሠራውን ስሕተት የሠራሁት።

ዘሃራ የመንደሩ ስንጣሪ አውጪ ናት። ከወሎ በቋጠሮዋ ይዛ የመጣችውን የፌጦ ዘር ጓሮ ዘርታ አበዛችው። ፌጦውን ትወቅጥና ከማር ጋር ለውሳ የተወጋው ቦታ ላይ ትለጥፈዋለች፤ አድሮ ጠዋት ስንጣሪው ከነመግሉ ጨርቁ ላይ ይገኛል። ከየአቅጣጫው እጁን ይዞ የሚመጣ ሰው ነበር።

«ለጥፊልኝ» አልኳት።

«ሐኪሙ ምንም አትለጥፍ አላለህም?»

«እኔን ሲያመኝ ሐኪሙ አዲስ አበባ ነው፤ ይለፍ ወረቀቱ ደግሞ ሊቀመንበሩ ዘንድ ነው። እንደገና ብለምነው ሊጠፋ ነው ይለኛል። ሙቀቱን ብቻ ሳቢልኝ። ፕላስቲኩን ተይው።»

«ፌጦ እኮ ይሄን ሳብ፣ ያንን ተው ቢሉት አይሰማም፣ ይማም።»

«አንቺ ንገሪው፣ ይሰማሻል።»

ዘሃራ አልሳቀችም። ፈርታለች፤ የእኔን ፍርሃት ከማየት ግን መለጠፉን መረጠች። ከጆሮዬ ኋላ ለጠፈችና በጨርቅ አሰረችልኝ። እሳት ነበር። የእሳቱ ቃጠሎ ሥራውን እየሠራ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

ጎህ ሲቀድ ዘሃራ ጨርቁን ፈታች። ቆዳዬ ውሃ ቋጥሮ ተልጧል፤ ጆሮዬ አብጦ ቀዳዳው ጠፍቷል። ከትራሴ ላይ፣ ልክ ከጆሮዬ ሥር፣ አንዲት ነገር ተቀምጣለች። ነጭ ናት። የሩዝ ፍሬ ግማሽ ታህላለች።

ቀኝ ጆሮዬን ደፈንኩና «ተናገሪ» አልኳት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምንም የለም።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» ስትል በቀኝ ጆሮዬ ሰማኋት። «በእጄ ለጥፌ እኔ አወጣሁት።» እንባዋን ሳላይ ያሳለፍኩት ክፉ ቀን ብዙ ነው፤ ያን ቀን አየሁት። ልናገራት የፈለግሁት ብዙ ነበር። እኔ ግን የማስበው ግድግዳውን ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን። በሩ ክፍት ቀርቷል፤ መግሉ አሁን ይገባል እያልኩ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ዝቅ ብሎ «አላህ ያጽናህ» የሚለኝ ነበር፤ ማን ሞተብኝ ልል አልቻልኩም፣ እኔም የሞተ ያህል አዝኛለሁ። ነጯን ነገር ዘሃራ ጥጥ አንጥፋ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስተኛቻት። ሊቀመንበሩ ቤት ይዣት ሄድኩ።

«ለዚች ነው እስከ አዲስ አበባ?» ብሎ መዳፉ ላይ አደረጋት። እኔም፣ ዘሃራም፣ እሱም ራሱ ትንፋሻችንን ያዝን። ሊያስነጥሰው ሲል አየሁትና መዳፉን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ማኅተሙን የመታው ወዲያውኑ ነው። ስለ ወሎ አላነሣም።

በመንገዱ ሙሉ ቀፎውን በደረት ኪሴ ይዤ እጄን አላነሣሁም። ባምባሲ ላይ፣ ነቀምት ላይ ሰው ምሳ ሲበላ እኔ መኪናው ላይ ቀረሁ፤ ቢጠፋብኝ ምን ይዤ እቀርባለሁ? ሥጋ ከተፋው በኋላ አጥበው ይመልሱት ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ። ራስ ምታት ያመኝ ጀመር። ዶክተሩ ጋ ሳልደርስ አእምሮዬ ቢበላሽስ ብዬ የልጆቼን ስም በተራ እየጠራሁ ራሴን ፈተንኩ። አንዱን ዘልዬ ስገኝ መኪናው ላይ አለቀስኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ መንገዱ ነው ብሎ አጽናናኝ።

ዶክተሩ መጀመሪያ ያየው ከጆሮዬ ኋላ ያለውን ነው።

«ይህን ማን አቃጠለው?»

«ፌጦ ነው።»

«ጆሮ ላይ?» አለና ሲስተርን አያት። እሷ ወደ ቀኜ ዞራ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። ዶክተሩ ቀዳዳውን በመሣሪያ ቀስ አድርጎ ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ በመነጽሩ ማየት ጀመረ። ምራቄን መዋጥ ፈራሁ።

«አለ» አለ።

«ማን?»

«ፕላስቲኩ አለ። ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ታምቡሩ ተዘግቷል፤ በሥሩ ነጭ ሆኖ ይታየኛል። ያበጠው የውጪው ቆዳ ነው፣ ያቃጠልከው። ለዚህ ነው የማትሰማው። ሲቀንስ ትሰማለህ።»

«አይሆንም» አልኩ። ቀፎውን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ከፈትኩ። «ታዲያ ይህችስ?»

ዶክተሩ ነጯን ነገር በመቆንጠጫ አነሣት፤ በመብራቱ አገላበጣት። ወደ መነጽሩም ወሰዳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አፍህን ክፈት።»

ጆሮ ለታመመ ሰው አፍ ምን ያደርግለታል ብዬ ከፈትኩ። በባትሪ አበራና ሲስተርን ጠራት፤ እሷም አየች። ወደ ግድግዳው ዞራ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አየሁ። በግራ በኩል ያለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሴ ጠርዙ ተሸርፏል፤ ዶክተሩ ቀፎው ውስጥ የነበረውን ቁራጭ አጠገቡ ቢይዘው ልክ ገጠመ።

«ሌሊት ጥርስህን ታፋጫለህ?» አለኝ።

«በጭራሽ» አልኩ።

«የራስህን ጥለህ የእኔን ይዘሃል» አለ ዶክተሩ። አስተኝተው ቃጠሎውን አከሙልኝ፤ እብጠቱ ሲቀንስ ሲስተር በግራዬ በኩል ሆና፣ ሳትዞር፣ «ጋሼ ይማም፣ ቁርስ ደርሷል» አለችኝና ሰማኋት።

ፕላስቲኩ እስከ ዛሬ አለ። ዶክተሩ ለዘላለም ነው ብሎ አልማለልኝም፤ በየጊዜው እየሄድኩ እታያለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር እፈራለሁ። ገላችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ ሲያሳክክም ሲሞቅም የሚስብ፣ የሚያቃጥል ነገር አትለጥፉ። ፕላስቲክ ስንጣሪ አይደለም። ሥጋ የሚለምደው ነገር እንዳለ እኔ ምስክር ነኝ። ሊቀመንበር የሚፈራ ሰው ካለም፣ ሊቀመንበሩን ፈርቶ ፌጦ ከሚለጥፍ ፌጦውን ፈርቶ ሊቀመንበሩ ጋ ይሂድ።

መንደር ስገባ ሰው ሁሉ ወጥቶ ተቀበለኝ። ምን አደረጉልህ ሲሉኝ «ፕላስቲኩ አልሆነም፤ በወርቅ ቀየሩልኝ» አልኳቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ጆሮዬን በቅናት የሚያዩ አሉ። ለዘሃራ ብቻ እውነቱን ነገርኳት፤ እሷ አንዳች አልደነቃትም። «ከተጋባን ጀምሮ ወፍጮ ቤት ነው የምተኛው፤ ስነግርህ መች ታምነኛለህ» አለች።

ወርቅ የለም። ከራሴ የወጣው ጥርሴ ነበር፤ የሰበርኩትም በእንቅልፌ፣ ከፍርሃት ብዛት ሳፋጨው ነው።